ማስመሪያውን አስቀምጡ፦ ላቢሪንት በእጅ እየሣሉ ስለ ማረፍ

ላቢሪንት፣ ማለትም እየተጠማዘዘ ወደ መሃል የሚያደርስ የአንድ መንገድ ሥዕል፣ ለመሣል የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና ማንም የማይጠራችሁ ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለቱ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገዛሉ። ሦስተኛውን ከየት እንደምታመጡት እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ የማገኘው ጎህ ሲቀድ፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ቴክኒካል ድሮዊንግ፣ ማለትም በመሣሪያ የሚሠራ የንድፍ ሥዕል፣ ማስተማር ነበር። ቲ ስኴሩን፣ የቲ ቅርጽ ያለውን ማስመሪያ፣ ረስቶ የመጣ ተማሪ ክፍሌ አይገባም፤ በባዶ እጁ መስመር የሳበ ደግሞ ወረቀቱ ሳይታረም ይመለስለት ነበር። በቅርቡ አንድ የጥንት ተማሪዬ፣ ዛሬ ሕንፃ የሚያስገነባ ትልቅ ሰው፣ ቡና ቤት ተቀምጬ ስሥል አገኘኝና ከኋላዬ ቆሞ «ቲቸር፣ እርስዎ ያለ ማስመሪያ ሲሥሉ ለማየት በቃሁ፤ ተመስገን!» አለኝ። ይሳቅብኝ። ግን ከዚህ በታች ማስመሪያውን አስቀምጡ ስላችሁ፣ ምክሩ ማስመሪያ ከሚጠላ ሰው እንዳልመጣ ዕወቁልኝ።

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት አሜሪካ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ ነው። በዋሽንግተን ከተማ፣ ጆርጅታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው መናፈሻ ውስጥ መሬቱ ላይ ተነጥፎ ይገኛል። ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዱ ሌላውን ሳያናግር፣ በዝግታ ይዞሩበታል። ልጄ «አባዬ፣ እስቲ ግባበት» አለችኝ። ገብቼም ወጣሁ፤ እግሬ መንገዱን ሲከተል ራሴ ግን «ይህንን የነደፈው ሰው መስመሩን ከየት ጀመረው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። የሙያ ጠባይ ነው። እናም ከመራመዱ ይልቅ መሣሉ ያዘኝ።

ላቢሪንት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሕፃናት መጽሔት ላይ አይጧን ወደ አይቡ የምናደርስበትን የመንገድ ፍለጋ ጨዋታ ነው። ያኛው ሌላ ነው። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ያስኬዳል፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ያቆማል፤ ሰው ይመርጣል፣ ይጠራጠራል፣ ይመለሳል። እኔ የምጽፍላችሁ መንገዱ አንድ ብቻ ስለ ሆነበት ነው። በአፉ የገባ ሰው እየተጠማዘዘም ቢሆን መሃሉ ይደርሳል፤ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። መጥፋት የለም። የግሪኮች ተረት ቴሴውስ የተባለ ጀግና ሚኖታውር የተባለውን፣ ራሱ የበሬ ገላው የሰው የሆነውን ፍጡር ሊገድል ሲገባ መንገዱ እንዳይጠፋበት የንጉሡ ልጅ አርያድኔ የሰጠችውን ክር ይዞ ነበር ይላል። የተረቱ አገር የክኖሶስ ሰዎች ግን በገንዘባቸው ላይ የቀረጹት ባለ ሰባት ዙሩን፣ አንድ መንገድ ብቻ ያለውን ላቢሪንት ነው። በዚያ ውስጥ ክር ምን ይሠራል? ለተረት ዐዋቂዎች ትቼዋለሁ።

ከጥንቶቹ ሁሉ የምወደው የፒሎሱን ነው። ፒሎስ በደቡብ ምዕራብ ግሪክ የነበረ ቤተ መንግሥት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ አንድ የዚያ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ በእርጥብ የሸክላ ጽላት ላይ ፍየል ያስረከቡ ሰዎችን ስም መዘገበ። ከዚያ ጽላቱ ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን ላቢሪንት ተጫረ። ቤተ መንግሥቱ በተቃጠለ ጊዜ እሳቱ ሸክላውን ጠበሰውና ጽላቱ ለእኛ ዘመን ደረሰ፤ ዕድሜያቸው በእርግጠኝነት ከታወቀ ላቢሪንቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ስለ ምን እንደ ተጫረ የሚናገር ነገር የለውም። እኔ በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ የያዝሁ ሰው ስለሆንሁ የራሴ ግምት አለኝ። ቁጭ ብሎ ላቢሪንት መሣል የዘመኑ ፈሊጥ ነው የሚለኝን ሁሉ ወደዚህ ፍየል ቆጣሪ እልከዋለሁ።

ወደ ሥራው እንግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ካሬ ወረቀት ያዙ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሆነው ለዚህ ይመቻል። እርሳሱ ኤች ቢ ወይም ሁለት ቢ ይሁን። ሁለት ቢ ይሻላል፤ ለስላሳ ስለሆነ እጃችሁ የት እንደ ከበደና የት እንደ ቀለለ መስመሩ ላይ ያሳያል። በጣም አታሹሉት፤ የሾለ ጫፍ ወረቀቱን እየቧጨረ ሐሳብ ይሰርቃል። ላጲስ፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ከጠረጴዛው ይነሡ። በኮምፓስ የተሠራ ቅስት ያማረ ነው፤ ሠሪው ግን ስለ ምሳው እያሰበ ሊሠራው ይችላል። በነፃ እጅ የሚሳብ ቅስት ይህንን አይፈቅድም። ስልኩን የት እንደምታስቀምጡት አልነግራችሁም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እጅ ለማሟሟቅ ትንሹን፣ ባለ ሦስት ዙሩን ሣሉ። ከወረቀቱ መሃል ትንሽ ዝቅ ብላችሁ መስቀል ሣሉ፤ አራቱም ክንዶቹ እኩል፣ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። መስቀሉን ካሬ ውስጥ ያለ አድርጋችሁ አስቡና በካሬው አራት ጥጎች ላይ አንዳንድ ነጥብ አኑሩ። አሁን ከመስቀሉ ራስ ተነሥታችሁ በቀኝ በኩል ወዳለው የላይ ነጥብ ትንሽ ቅስት ሳቡ። ሁለተኛው ቅስት ከግራው የላይ ነጥብ ይነሣል፤ የመጀመሪያውን በላዩ አልፎ በመስቀሉ ቀኝ ክንድ ጫፍ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ከግራ ክንድ ጫፍ ተነሥቶ፣ ሁለቱን ዞሮ፣ በቀኝ የታች ነጥብ ላይ። አራተኛው ከግራው የታች ነጥብ ተነሥቶ፣ ሁሉን ከቦ፣ በመስቀሉ እግር ላይ። ተፈጸመ። ከመስቀሉ እግር በስተግራ ያለው ክፍት ቦታ አፉ ነው። ይህንን አንድ ሁለት ጊዜ ከሣላችሁት ትልቁ አያስፈራችሁም፤ ሕጉ ያው ነው።

ትልቁ ባለ ሰባት ዙሩ ነው። በኤ ፎር ወረቀት ላይ ከግራው ጠርዝ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይኛው ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ፣ ጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ እርሳሱን ሳትጫኑ በቀጭኑ ሣሉ፤ ይህች መስመር ለልክ ብቻ ናት፣ እንደ ግድግዳ አትቆጠርም። በደብተር ገጽ ላይ ከሆነ ሁሉንም ልክ በግማሽ ቀንሱት። በካሬው ውስጥ ከጎን እስከ ጎን የሚደርስ መስቀል ሣሉ። በአራቱ ጥጎች ላይ ነጥብ አድርጉ። አሁን መስቀሉ ካሬውን ለአራት ትናንሽ ክፍሎች ከፍሎታል። በእያንዳንዱ ክፍል መካከል አንድ ክርን ሣሉ፦ ክርኑ የታጠፈበት ጥግ ወደ መስቀሉ መሃል ያመለክታል፤ ሁለቱ ክንዶቹ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነው፣ ከመስቀሉ ክንዶች ጎን ለጎን ሄደው፣ የካሬውን ጠርዝ ይነካሉ። ጥጉ ላይ ያለው ነጥብ በክርኑ ክፍት በኩል ይቀራል።

ትክክል መሆኑን ማረጋገጫው ይኸውላችሁ። የካሬው ዙሪያ 16 ሳንቲ ሜትር ነው። ነጥቦቹን ጨምራችሁ በዙሪያው ያሉትን የመስመር ጫፎች ቁጠሩ፤ እነሱም 16 ናቸው፤ በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ አንድ። ካልሞላ አንድ ክርን ጎድሏል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ መምሪያ ሥዕል ያሳያችሁና «እንዲህ አገናኙት» ይላል። እኔ ተማሪ በሥዕል ብቻ ሲሳሳት አይቼ ስለማውቅ ቁጥር እሰጣለሁ። ጫፎቹን በሁለት ቡድን ቁጠሯቸው። የግራው ቡድን ከመስቀሉ ራስ ይጀምርና በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፦ የመስቀሉ ራስ 1፣ የግራ ላይኛው ክርን የላይ ጫፍ 2፣ የግራ ላይኛው ነጥብ 3፣ የዚያው ክርን የጎን ጫፍ 4፣ የመስቀሉ ግራ ክንድ 5፣ የግራ ታችኛው ክርን የጎን ጫፍ 6፣ የግራ ታችኛው ነጥብ 7፣ የዚያው ክርን የታች ጫፍ 8። የቀኙ ቡድን ከመስቀሉ ራስ ቀጥሎ በቀኝ ካለው ጫፍ ይጀምራል፦ የቀኝ ላይኛው ክርን የላይ ጫፍ 1፣ ነጥቡ 2፣ የክርኑ የጎን ጫፍ 3፣ የመስቀሉ ቀኝ ክንድ 4፣ የቀኝ ታችኛው ክርን የጎን ጫፍ 5፣ ነጥቡ 6፣ የክርኑ የታች ጫፍ 7፣ በመጨረሻም የመስቀሉ እግር 8። ቁጥሮቹን በጥቃቅኑ ጻፏቸው፤ እጃችሁ ከለመደ በኋላ አያስፈልጉም።

የቀረው አንድ ሕግ ነው፦ ከግራው 1 ወደ ቀኙ 1፣ ከግራው 2 ወደ ቀኙ 2፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 8። እያንዳንዱ ቅስት ከግራ ይነሣል፣ ከራስጌ በላይ ይዞራል፣ በቀኝ ይወርዳል። በራስጌ ሳይዞር በግርጌ በኩል ወደ ቀኝ የሚሻገር ወይም ሌላውን መስመር የሚያቋርጥ ቅስት የለም። የመጀመሪያው ቅስት ጥፍር የምታክል ናት፤ ስምንተኛው ወረቀቱን ሁሉ የሚከብብ ረጅም ጉዞ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው በቀኝ በኩል ሲወርዱ የታችኛውን ነጥብ ከሥሩ ዞረው ወደ ላይ መታጠፍ ስላለባቸው ከካሬው በታች ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቦታ ይጠብቃቸው። በስምንት ግድግዳዎች መካከል ሰባት መንገድ ታገኛላችሁ። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እንዴት እንደሚሣል ይህ ነው። እንዴት እንደሚያሳርፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ተምሮ ሁለተኛውን ሳያገኝ ይተወዋል።

ምሥጢሩ ዐይን የት እንደሚያርፍ ነው። ሰው መስመር ሲስብ የሚያየው የእርሳሱን ጫፍ ነው። እናንተ አትዩት። ዐይናችሁን አሁን በምትስቡት መስመርና ቀድሞ በተሳበው መስመር መካከል ባለው ነጭ ክፍተት ላይ አኑሩ። ገበሬ ሲያርስ ዐይኑን ከቀደመው ትልም ላይ እንደማያነሣው ነው። የእጃችሁ ሥራ ያ ክፍተት ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ብቻ ነው። ክፍተቱን የሚያይ ዐይን ሌላ ነገር ለማየት ቦታ የለውም። ሐሳብን በግድ ማባረር፣ «አሁን ምንም አላስብም» ብሎ ራስን መቆጣት አያስፈልግም። ክፍተቱ ይጠራችኋል፤ ትሄዳላችሁ።

ሐሳባችሁ በሄደ ጊዜ ምን እንደሚሆን በወረቀቱ ላይ ታዩታላችሁ። ክፍተቱ ይጠባል ወይም ይሰፋል። የእኔ ሁልጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው ቅስት ላይ ይጠባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አዲስ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያስፈራሉ፤ መካከል ላይ ያሉት ግን የተለመዱ ስለሚመስሉ እጅ ይሠራል፣ ራስ የቤት ኪራይ ያሰላል። ስለዚህ ነው ላጲሱን ያስነሣኋችሁ። የጠበበውን ቦታ አታጥፉት፤ ቀጣዩ ቅስት የቀድሞውን ጉብታ ቀስ በቀስ እያቃና ይሄዳል፣ እስከ ስምንተኛው ድረስ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ያን ማቃናት በትዕግሥት መሥራት ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ብራና መጽሐፍ የማየት ዕድል ሲገጥማችሁ በገጹ ራስ ላይ ያለውን ሐረግ የሚባለውን ጌጥ ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ቀለሙን ሳይሆን በተጠላለፉት ጥብጣቦች መካከል ያለውን ክፍተት። ያንን እኩል አድርጎ የጠበቀ እጅ ዐይኑ የት እንደ ነበረ ይገባችኋል።

ትንፋሽን በተመለከተ የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔ የምላችሁ ጥቂት ነው። ቅስቱን ከመጀመራችሁ በፊት በአፍንጫ ሳቡ፤ ስታስወጡ እርሳሱ ይንቀሳቀስ። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ቅስት ድረስ ለእያንዳንዱ አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ከዚያ በኋላ አይበቃም፤ ትንፋሻችሁን አምቃችሁ ለመጨረስ አትታገሉ። ትንፋሹ ሲያልቅ እርሳሱን ሳታነሡ ባለበት አቁሙት፣ አየር ሳቡ፣ ከዚያ ቀጥሉ። በእርሳስ የቆማችሁበት ቦታ ጠቆር ያለች ነጥብ ይተዋል። በቀለም እስክሪብቶ ከሆነ ይፈሳል፤ እርሳስን የመረጥሁት ለዚህም ጭምር ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ እነዚያ ጥቁር ነጥቦች በምን ያህል ትንፋሽ እንደ ደረሳችሁ ይነግሯችኋል። በሚቀጥለው ጊዜ ለመቀነስ አትሞክሩ፤ ውድድር የለበትም። በተረጋጋ ሁኔታ ሲሣል ሙሉው ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በአምስት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ሥዕል ሣለ እንጂ አላረፈም፤ ሌላ ወረቀት ያውጣ።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ጉዞ ይጀምራል፤ ይህ በጣት ነው። በምትጽፉበት እጅ ሳይሆን በሌላው እጅ አመልካች ጣት ከአፉ ግቡ። በዚያ እጅ መሄድ ያዘገያል፤ የምትጽፉበት እጅ ፈጣን ነው፣ ችሎታውን ማሳየት ይወድዳል። መንገዶቹን ከውጭ ወደ ውስጥ ከ1 እስከ 7 ብትቆጥሯቸው ጣታችሁ መጀመሪያ የሚገባው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ አንደኛው ይወጣል፤ ማለትም መሃሉን ፈልጎ የገባ ሰው መጀመሪያ ወደ ዳር ይወሰዳል። ቀጥሎ አራተኛው። ከአራተኛው በአንድ ጊዜ ወደ ሰባተኛው ዘልቆ መሃሉን ይታከካል፤ በመካከላቸው አንድ የእርሳስ መስመር ብቻ አለ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፤ ደረስሁ ይላል። መንገዱ ግን ወደ ስድስተኛው፣ ከዚያም ወደ አምስተኛው ያርቀዋል፤ መሃሉ የሚገኘው ከአምስተኛው ነው። ይህን ቅደም ተከተል፣ 3፣ 2፣ 1፣ 4፣ 7፣ 6፣ 5፣ አስቀድሞ ማወቅ ደስታውን አይቀንሰውም፤ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን ጣቴ አሁንም ይፈጥናል። መሃል ስትደርሱ ጣታችሁን አሳርፉ። ምን ያህል ጊዜ? እስኪበቃችሁ። ከዚያ በመጣችሁበት ተመለሱ። ብዙዎች መሃል ደርሰው ጣታቸውን ያነሣሉ፤ እኔ መመለሱን ግማሹ ጉዞ ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደማይቀረው ጥያቄ። አንዲት ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስሥል አይታኝ «ጋሼ፣ ደግሞ ደብተራ ሆኑ እንዴ?» አለችኝ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ስጋት ነበር። አልፈርድባትም። አገራችን ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚቆረጥ፣ ዐይንና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የሚሣልበት፣ መርበብተ ሰሎሞን የሚጻፍበት ክታብ ያላት አገር ናት። ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ አጠመዳቸው የሚለው ጸሎት ከዚያ ነው። በስዊድን የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆችም ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት በድንጋይ የተሠራ ላቢሪንት ይዞሩ ነበር፤ ክፉው ነፋስ ተከትሏቸው ገብቶ እዚያው እንዲቀር ነው ይባላል። በሰሜንም በደቡብም ሰው የተጠላለፈ መስመር አይቶ ወጥመድ ማሰቡ ያስገርመኛል። የእኛ ወረቀት ግን ምንም አያጠምድም፣ ማንንም አይፈውስም። ሥዕሉን አንገት ላይ አታንጠልጥሉት፤ ትራስ ሥር አታስቀምጡት። እንቅልፍ ጨርሶ የራቀው ወይም ጭንቀት የበረታበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እርሳስ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ጸሎትንም አይተካም። መቁጠሪያ የለመደ ሰው በእያንዳንዱ ቅስት ላይ አንድ «አቤቱ ማረኝ» ቢል የራሱ ጉዳይ ነው፤ ምንም የማይል ሰውም ቅስቱ እኩል ይዞርለታል። ለጎረቤቴ ያልኋት ይህንን ነው። ወረቀት ሰጥቻት ባለ ሦስት ዙሩን ሣለች፤ ሁለተኛውን ራሷ ጠየቀችኝ።

ሲለመድ መቀያየር ይቻላል። የመጀመሪያውን ቅስት ከመስቀሉ ራስ ወደ ግራ ከጀመራችሁ ሁሉም ይገለበጣል፤ አፉ በእግሩ ቀኝ ይሆናል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩትና እጃችሁ ስንት ነገር በልማድ ይሠራ እንደ ነበር ታያላችሁ። በግራ እጅ መሣል ደግሞ መስመሩን ያስቀይማል፣ ሐሳቡን ግን በጣም ያሳርፋል፤ ለማንም የማታሳዩት ከሆነ ምን ቸገራችሁ። ማስመሪያ ናፈቀኝ ለሚል እንደኔ ያለ ሰው አራት ማዕዘኑ አለ፤ የፒሎሱ ጸሐፊ እንዳደረገው ቅስቶቹን ሁሉ በቀጥታ መስመርና በማዕዘን መተካት ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ መስመሩ በራሱ ይሄዳል። በፖምፔ ከተማም እንዲህ ያለ አራት ማዕዘን ላቢሪንት በአንድ ቤት ዓምድ ላይ ተጭሮ ተገኝቷል፤ አጠገቡ «ላቢሪንት፤ እዚህ ሚኖታውር ይኖራል» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለበት። ቬሱቪየስ እ.ኤ.አ. በ79 ከተማዋን ከመቅበሩ በፊት የተጫረ ነው። ባለቤቱን ለማሾፍ ይሁን ለሌላ፣ የጫረው ሰው ተጫዋች ነበር።

በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ ያለውን ላቢሪንት ያያችሁ እሱን ለመሣል ትጓጉ ይሆናል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነጠፈ፣ 11 ዙር ያለው፣ ስፋቱ 13 ሜትር የሚጠጋ፣ መንገዱ 260 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ መሃሉ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ የሚመስል ድንቅ ሥራ ነው። ለመሣል ግን ኮምፓስና ስሌት ይጠይቃል፤ ለእኔ ያ ሥራ ነው፣ ዕረፍት አይደለም። የታተመ ቅጂ አግኝታችሁ በጣት ብትሄዱበት ይሻላል።

ወረቀት ሲጠባችሁ ወደ ሜዳ ውጡ። ሕጉ አይለወጥም፤ ልኩ ብቻ ያድጋል። በመስመሮቹ መካከል ግማሽ ሜትር ተዉ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ እግር መስመሩን ይረግጣል። ካሬው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይሆናል፤ ሙሉው ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ይሰፋል፤ ስለዚህ ዘጠኝ በዘጠኝ ሜትር የሆነ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። መጀመሪያ በዘንግ ጫሩት፤ የግማሽ ሜትር ልክ ያለው ሌላ እንጨት ይዛችሁ ክፍተቱን እየለካችሁ ሂዱ። ሁለት ሰው ሲሆን ያምራል፦ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ይጭራል። ጭረቱ ሲያልቅ የኳስ ሜዳ መስመር እንደሚሠራው በኖራ መሙላት ይቻላል፤ ኖራ ዐይን ያቃጥላልና ነፋስ ባለበት ቀን አትርጩ፣ ለልጆችም አታስይዙ። ድንጋይ ካለ ከኖራ ይሻላል። የልጅ ልጆቼ ድንጋይ ሲለቅሙ ሩጫ ነው፣ ሲደረድሩ ጭቅጭቅ ነው፤ ድርድሩ ሲያልቅ ግን አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ይገባሉ። እንዲሮጡ ተዉአቸው። ከሰባተኛው ዙር ወደ መሃሉ በአንድ እርምጃ መዝለል እንደሚቻል ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ በመሃሉ ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች ትልልቅ አድርጉ።